የታባታ አራት ደቂቃ፦ ብስክሌቱ የለካው እና ያልለካው

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የአክስቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች። 21 ዓመቷ ነው፤ ብስክሌት መወዳደር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ክረምቱ ሲገባ መንገዱ ጭቃ በጭቃ ሆነ፣ ዝናቡም አላስወጣ አለ። ስለዚህ ሰፈሯ ያለ ጂም ለሁለት ወር ተመዝግባ ባለበት ቆሞ በሚሽከረከረው ብስክሌት ላይ መሥራት ጀመረች። የጂሙ ግድግዳ ላይ ታዲያ በትልቁ የተጻፈ ነገር አለ፦ «4 ደቂቃ ታባታ = 1 ሰዓት ብስክሌት። በሳይንስ የተረጋገጠ!» አሠልጣኙም ይህንኑ ነገራት።

«አንተ እንዲህ ያለውን ነገር ታነባለህ አይደል» አለችኝ፣ «አራት ደቂቃ ከአንድ ሰዓት ጋር እኩል ከሆነ እኔ ለምንድን ነው ሰዓቱን ሙሉ የምለፋው?»

ሳቅሁ እንጂ ጥያቄው የሚያስቅ አይደለም። ልጅቷ ቀን ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች። ለልምምድ ያላት ጊዜ ጠዋት ከሥራ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ለጂሙ የምትከፍለውም ከራሷ ደሞዝ ነው። ጥቅምት ላይ ደግሞ ረጅም አቀበት ያለበት ውድድር ይጠብቃታል። ግድግዳው ላይ የተጻፈው እውነት ከሆነ በየቀኑ 56 ደቂቃ እያባከነች ነው። ስህተት ከሆነ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ለአቀበቱ በማያዘጋጃት ነገር ልታሳልፍ ነው። «እስቲ ጥናቱን ላንብበውና እነግርሻለሁ» አልኳት። እናንተም ይህንን ማስታወቂያ የሆነ ቦታ ሳታዩት አትቀሩም ብዬ ስለገመትኩ ያገኘሁትን እዚህ ጻፍኩት።

የመጀመሪያው ነገር፣ ጥናቱ በእርግጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው የኢዙሚ ታባታና የባልደረቦቹ ጽሑፍ ነው። ርዝመቱ አራት ገጽ ብቻ ነው። (ለዚህ ሁሉ ዝና አራት ገጽ! የእኔ የማስተርስ ፕሮፖዛል እንኳን ከዚህ ይረዝማል።) የተሠራው በደቡብ ጃፓን፣ ካኖያ ከተማ ውስጥ በሚገኘው ብሔራዊ የአካል ብቃትና የስፖርት ተቋም ነው። 20 ሴኮንድ ሥራ፣ 10 ሴኮንድ ዕረፍት የሚለውን አሠራር የፈጠረው ግን ታባታ አይደለም። የጃፓን የበረዶ ላይ ሸርተቴ የፍጥነት ቡድን አሠልጣኝ የነበረው ኮይቺ ኢሪሳዋ ቡድኑን በዚህ መንገድ ያሠለጥን ነበር። ታባታ የተጠየቀው አሠራሩ ሰውነት ላይ ምን እንደሚያመጣ እንዲመረምር ነው።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም በሉ። የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ 500 ሜትሩን ከ40 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። 1,500 ሜትሩም ቢሆን ሁለት ደቂቃ ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ልብና ሳንባ ሙሉ በሙሉ ተነሥተው ለጡንቻ ኦክስጅን እስኪያደርሱ ውድድሩ ሊያልቅ ይደርሳል። ስለዚህ ጡንቻው ኦክስጅን ሳይጠብቅ ጉልበት የማውጣት አቅሙ ትልቅ ቦታ አለው። አሠልጣኙ ያንን አቅምም፣ የኦክስጅኑንም ሥርዓት አንድ ላይ መግፋት ነበር የፈለገው። የግድግዳው ጽሑፍ እንግዲህ የተወለደው ከሁለት ደቂቃ የበረዶ ላይ ውድድር ነው። የሃያ አምስት ደቂቃ አቀበት በሐሳቡ ውስጥ አልነበረም።

ጥናቱ ሁለት ሙከራዎች አሉት። ሁለቱም በፍሬን ሰበቃ በሚሠራ የላቦራቶሪ ብስክሌት ላይ የተካሄዱ ናቸው፤ ሠልጣኞቹም ስፖርት የሚያጠኑ ወጣት ወንዶች ነበሩ። በመጀመሪያው ሙከራ 7 ሰዎች በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 60 ደቂቃ፣ ለ6 ሳምንት በመካከለኛ ጭነት ፔዳል መቱ። በሁለተኛው ሙከራ ሌሎች 7 ሰዎች እንዲሁ በሳምንት 5 ቀን ለ6 ሳምንት ሠለጠኑ፤ የእነሱ ሥራ ግን ያ 20 ሴኮንድ እና 10 ሴኮንድ ነው፣ ከ7 እስከ 8 ዙር፣ አቅም እስኪያልቅ ድረስ።

የተለካው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሰውነት በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው ትልቁ የኦክስጅን መጠን ነው። ፔዳል በመታችሁ ቁጥር ጡንቻችሁ ኦክስጅን ይፈጃል። በጨመራችሁ ቁጥር ፍጆታውም ይጨምራል፤ አንድ ቦታ ሲደርስ ግን የቱንም ያህል ብትታገሉ ከዚያ አያልፍም። ይህን የመጨረሻ መጠን «የኦክስጅን ጣሪያ» እያልኩ ልቀጥል። ለአንድ ኪሎ ክብደት በደቂቃ ስንት ሚሊ ሊትር ተብሎ ይለካል። ሁለተኛው ደግሞ ከላይ ያነሣነው፣ ኦክስጅን ሳይጠበቅ ጉልበት የማውጣት አቅም ነው።

ውጤቱ እንዲህ ነው። አንድ ሰዓት የሠሩት ሰዎች ጣሪያቸው ከ53 ወደ 58 ከፍ አለ፤ ያለ ኦክስጅን የሚያወጡት ጉልበት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። በአጭር በአጭሩ የሠሩት ጣሪያቸው ከ48 ወደ 55 ከፍ አለ፤ ያለ ኦክስጅን የሚያወጡት ጉልበት ደግሞ በ28 በመቶ ጨመረ። ይህ ትልቅ ግኝት ነው። አጭርና ከባድ ሥራ የሚያሳድገው የአጭር ጊዜ ጉልበትን ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ እነዚህ ቁጥሮች ያሳፍሩታል። ታባታና ባልደረቦቹ ያሉትም በመሠረቱ ይህንኑ ነው፦ እንዲህ ያለው ልምምድ ሁለቱንም ሥርዓት ያሻሽላል። ቅሬታዬ ከእነሱ ጋር አይደለም። በአራቱ ገጾች እና በግድግዳው መካከል ባለው መንገድ ላይ ብዙ ነገር ጠፍቷል፤ የጠፋውን ነው የምፈልገው።

መጀመሪያ የጠፋው «እኩል» የሚለው ቃል ትርጉም ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩዋቸው። አንዱ ቡድን ከ53 ተነሣ፣ ሌላው ከ48። ዝቅ ካለ ቦታ የተነሣ ሰው ብዙ የመሻሻያ ቦታ አለው፤ ይህንን ጂም ገብቶ የመጀመሪያውን ወር የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። የአጭሩ ቡድን በ7 ጨመረ፣ የሰዓቱ ቡድን በ5። «አጭሩ በለጠ» ማለት ይቻላል። ግን መጨረሻ ላይ የደረሱበትን ካያችሁ አጭሩ 55 ነው፣ ሰዓቱ 58። እንደገና «ሰዓቱ በለጠ» ማለት ይቻላል! ሁለቱም አባባል ትክክል አይሆንም፣ ምክንያቱም ሁለቱ ለየብቻ የተሠሩ ሙከራዎች ናቸው። ሰዎቹን በዕጣ ከፍሎ፣ ከአንድ መነሻ አስነሥቶ፣ ማን እንደበለጠ ለመፍረድ አልተሠራም። ምንም ሳይሠለጥን የሚቆይ ማነጻጸሪያ ቡድንም የለውም። በያንዳንዱ ሙከራ ውስጥ ያሉት ደግሞ ሰባት ሰዎች ናቸው። ሰባት ሰው ማለት አንድ ሚኒባስ ወንበር ሞልቶ ሳይጨርስ ነው። በሰባት ሰው የሚታይ ነገር አለ፤ «=» የሚል ምልክት ግን ለመሳል አይበቃም።

ቀጥሎ የጠፋው ጊዜው ራሱ ነው። አራት ደቂቃ የተባለው የዋናው ሥራ ርዝመት ነው። ከዚያ በፊት ግን በመጠነኛ ጭነት 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ ነበር። ከአምስቱ ቀን በአንዱ ደግሞ ሠልጣኞቹ አቅም እስኪያልቅ አይሠሩም ነበር፤ በዚያ ቀን 30 ደቂቃ በመካከለኛ ጭነት ፔዳል ከመቱ በኋላ 4 አጫጭር ዙር ብቻ ይጨምሩ ነበር። ስትደምሩት በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሆናል። ከሌላው ቡድን አምስት ሰዓት ጋር ሲተያይ አሁንም በጣም ትንሽ ነው፣ እሱን አልክድም። ግን «በቀን አራት ደቂቃ» አይደለም። ያች የ30 ደቂቃ ቀንስ ምን ያህል ድርሻ ነበራት? ከጥናቱ አሠራር ይህንን ለይቶ ማውጣት አይቻልም።

ሦስተኛውና እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ የጭነቱ ጉዳይ ነው። ጥናቱ ያዘዘው ጭነት የኦክስጅን ጣሪያውን 170 በመቶ ያህል ነው። «ከጣሪያ በላይ እንዴት ይኬዳል?» ብትሉ ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ጣሪያ ያለው ኦክስጅኑ ነው፤ እግር ግን ለአጭር ጊዜ ከዚያ በላይ መግፋት ይችላል፣ ልዩነቱን ያለ ኦክስጅን በሚወጣው ጉልበት እየሞላ። 170 በመቶ ማለት በኦክስጅን ብቻ ቢሠራ ኖሮ የጣሪያውን 1.7 እጥፍ የሚጠይቅ ጭነት ማለት ነው።

ይህ በዋት ስንት ይሆናል? 65 ኪሎ የሚመዝንና ጣሪያው 48 የሆነ ሰው እናስብ። በተለመደው የስሌት ቀመር ስገምተው ጣሪያው ላይ የሚደርሰው በ250 ዋት አካባቢ ነው። 170 በመቶው ወደ 450 ዋት ይጠጋል። 450 ዋት፣ 20 ሴኮንድ፣ በ10 ሴኮንድ ዕረፍት፣ ስምንት ጊዜ! ሠልጣኞቹ በደቂቃ 90 ጊዜ ፔዳሉን ማዞር ነበረባቸው፤ ከ85 በታች ከወረዱ በዚያው ያበቃል። ከ9 ዙር በላይ የቻለ ሰው ካለ ደግሞ ቀጥሎ ጭነቱ ይጨመርበታል። የዚህ ልምምድ ዋና ነገር ይኸው ነው፤ ሁልጊዜ በ7ኛው ወይም በ8ኛው ዙር እንዲጥላችሁ ተደርጎ የተለካ ነው።

አሁን ማሽኑን እንየው፣ ሥራዬም ስለሆነ። በ1954 እ.ኤ.አ. ቮን ዶበልን የተባለ ስዊድናዊ ያወጣው ቀላል ንድፍ ለረጅም ጊዜ የላቦራቶሪዎች መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። ከባድ ጎማ አለ፣ በጎማው ዙሪያ ቀበቶ ተጠምጥሟል፣ ቀበቶው ሲጠብቅ ሰበቃው ይጨምራል። የጥብቀቱን መጠን ደግሞ ሚዛን ያሳያል። በዚህ ዓይነቱ የታወቀ ብስክሌት ላይ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የጎማው ጠርዝ 6 ሜትር ይጓዛል። በቃ፣ የቀረው የአንደኛ ደረጃ ማባዛት ነው፦ የቀበቶው ጉተታ፣ ሲባዛ በ6 ሜትር፣ ሲባዛ በሴኮንድ በተዞረው ብዛት። በደቂቃ 90 ዙር ማለት በሴኮንድ 1.5 ዙር፣ ማለትም 9 ሜትር ነው። 450 ዋት ለማግኘት ጉተታው 50 ኒውተን መሆን አለበት፤ ከቀበቶው ጫፍ 5 ኪሎ ስኳር እንደማንጠልጠል። በዚሁ ጥብቀት በደቂቃ 45 ዙር ብቻ ብታዞሩ 225 ዋት ብቻ ነው የምታወጡት። ለዚህ ነው ጥናቱ ለዙሩ ፍጥነት ያን ያህል የጨከነው። ጥብቀቱና ፍጥነቱ ሁለቱም ካልታወቁ ጭነቱ አይታወቅም።

ወደ ጂሙ እንመለስ። ብዙዎቹ የጂም ብስክሌቶች ያላቸው ማጥበቂያ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ላይ ቁጥር የለም፤ ካለም «ደረጃ 7» ዓይነት ነው፣ ደረጃ 7 ደግሞ የምን ሰባት እንደሆነ አይታወቅም። ሰዎቹ ጣሪያቸው ተለክቶ አያውቅም። ሙዚቃው ይከፈታል፣ አሠልጣኙ ሴኮንድ ይቆጥራል፣ ሁሉም በደስታ 8 ዙር ይጨርሳል። 8ቱን ጨርሳችሁ እየሳቃችሁ ውኃ ልትጠጡ ከሄዳችሁ የሠራችሁት ጥሩ ስፖርት ሊሆን ይችላል፤ ጥናቱ ውስጥ ያለው ልምምድ ግን አይደለም። ከብስክሌት ወርዶ ቁጭ ብድግ ሲሆንማ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ሰዓቱ ተወስዷል፣ ጭነቱ ተትቷል። መድኃኒት «ከምግብ በኋላ» የሚለውን ብቻ አንብቦ ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ እንደመዝለል ነው።

እሺ፣ ሁሉም ተስተካክሎ ተሠራ እንበል። የአክስቴ ልጅ በላቦራቶሪ ጣሪያዋ ተለክቶ፣ 170 በመቶው ተሰልቶ፣ ስድስት ሳምንት በትክክል ሠለጠነች፤ ጣሪያዋም ከፍ አለ። አቀበቱን በፍጥነት ትወጣለች ወይ?

እዚህ ላይ ነው ጥናቱ ዝም የሚለው፣ ምክንያቱም አልተጠየቀም። ማንም ሰው ከሥልጠናው በፊትና በኋላ 10 ወይም 40 ኪሎ ሜትር እንዲነዳ አልተደረገም። ብስክሌቱ ማሠልጠኛም መለኪያም ነበር፤ የብስክሌት ውድድር ብቃት ግን ከተለኩት ነገሮች መካከል የለም።

«ጣሪያው ከፍ ካለ ብቃቱም ከፍ ማለቱ መቼ ይቀራል?» የሚል ይኖራል። ለዚህ የምወደው መልስ ከታባታ በፊት የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ኤድዋርድ ኮይልና ባልደረቦቹ ኦስቲን በሚገኘው ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ 14 ተወዳዳሪ ብስክሌተኞችን ወሰዱ። የሁሉም የኦክስጅን ጣሪያ ተቀራራቢ ነበር። ከዚያ ከጣሪያቸው 88 በመቶ በሆነ ጭነት እስኪደክማቸው አስነዷቸው። ሰባቱ በአማካይ በ29 ደቂቃ ቆሙ። ሌሎቹ ሰባት 61 ደቂቃ ያህል ቆዩ። ጣሪያቸው አንድ ዓይነት፣ ጽናታቸው እጥፍ!

ልዩነቱ የት ነበር? ጣሪያው ሳይሆን ከጣሪያው ስንት በመቶው ድረስ ተረጋግቶ መሥራት እንደሚቻል ነው። ጭነት ሲጨምር ደም ውስጥ ላክቴት የሚባለው ነገር መከማቸት የሚጀምርበት ደረጃ አለ። ከዚያ በታች ለረጅም ጊዜ መንዳት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ግን ሰዓት መቁጠር ተጀመረ ማለት ነው። ቶሎ በደከሙት ላይ ይህ ደረጃ ከጣሪያቸው 66 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ በቆዩት ላይ ከ80 በመቶ በላይ ነበር። የቆዩት ጡንቻቸው ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮችም የበዙ ነበሩ። በብስክሌት ላይ ያሳለፏቸው ዓመታትም ይበልጡ ነበር። ቁመቱ እኩል የሆነ ሁለት ቤት አስቡ፤ አንደኛው ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ብቻ ሰው ይኖርበታል፣ ሌላኛው እስከ ጣሪያው ስር። ጣሪያውን ብቻ የሚለካ ሰው ሁለቱን ቤቶች አይለያቸውም።

አሁን የልጅቷን አቀበት በቁጥር እንየው። እሷ 55 ኪሎ ናት፣ ብስክሌቷ 11 ኪሎ። አቀበቱ 5 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ በአማካይ 6 በመቶ ተዳፋት አለው፤ ማለትም 300 ሜትር ወደ ላይ። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ብትወጣ የስበትን ጉተታ ለማሸነፍ ብቻ 130 ዋት ያስፈልጋታል። የጎማውንና የአየሩን ስትጨምሩበት 150 ይሆናል። የሚፈጅባት 25 ደቂቃ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልጋት 150 ዋትን ለ25 ደቂቃ ሳታቋርጥ መያዝ፣ ከዚያም 160ን፣ ከዚያም 170ን ነው። በ20 ሴኮንድ ውስጥ የምታወጣው ትልቅ ዋት የሚጠቅማት መጨረሻው መስመር ላይ ነው፣ እዚያ ድረስ ከተፎካካሪዎቿ ጋር ከደረሰች።

ይህን ስጽፍ የራሴ ታሪክም ትዝ ይለኛል። ከሦስት ዓመት በፊት እኔም ክረምቱን በአራት ደቂቃ ብቻ ተገላገልኩት። መስከረም ላይ ከጓደኞቼ ጋር ወደ እንጦጦ ስንወጣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች አንደኛ ነበርኩ፤ ኩራቴን አትጠይቁኝ። ከዚያ እግሬ እንጨት ሆነ። ጓደኞቼ ላይ ቆመው ሻይ ጠጥተው ሲጨርሱ ደረስኩ። አንድ ሰው ጥናት አይሆንም፣ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን የኮይልን ጽሑፍ ሳላነብ ገብቶኛል።

ታዲያ አጭርና ከባድ ሥራ ለብስክሌተኛ አይጠቅምም ማለት ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ናይጄል ስቴፕቶና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥያቄ የቀረበ ነው። 20 የሠለጠኑ ብስክሌተኞችን በአምስት ከፈሏቸው፤ እያንዳንዱ ቡድን የተለያየ ርዝመት ያለው ከባድ ዙር ሠራ፣ ከ30 ሴኮንድ እስከ 8 ደቂቃ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ስድስት ቀን ብቻ ነው። የለኩት ደግሞ ተወዳዳሪ የሚፈልገውን ነገር ነው፦ በላቦራቶሪ 40 ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ ይነዳሉ? በግልጽ የተሻሻሉት ሁለቱ ቡድኖች ናቸው፤ 30 ሴኮንድ በጣም ከባድ የሠሩት፣ እና 4 ደቂቃ ከባድ ሥራን 8 ጊዜ የደጋገሙት። በአንድ ቡድን አራት ሰው ብቻ ስለሆነ ይህንንም ግድግዳ ላይ እንዳትጽፉት። ሰዎቹ አስቀድመው ብዙ የሚነዱ ነበሩ፤ አጫጭሩ ሥራ የመጣው በዚያ መሠረት ላይ ነው። ግን አስተውሉ፣ እዚህም «አራት ደቂቃ» አለ፤ ስምንት ጊዜ የሚደገም አራት ደቂቃ።

ስለ ሰዓቱ ልምምድ ደግሞ አንድ ነገር ካላልኩ አይሆንም። ባለበት የቆመ ብስክሌት ረጅም ጊዜ ሲነዳ ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። ሰውነት ከሚያቃጥለው ጉልበት ፔዳል ላይ የሚደርሰው ሩቡ እንኳን አይሞላም። 150 ዋት ፔዳል ላይ ካለ ከ500 ዋት በላይ ሙቀት ሆኖ መውጣት አለበት፤ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንደመሆን ነው። መንገድ ላይ ነፋሱ ላቡን ያደርቅላችኋል፣ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ጂም ውስጥ ነፋስ የለም። ወለል ላይ የሚንጠባጠብ ላብ ደግሞ ምንም አያቀዘቅዝም፤ የሚያቀዘቅዘው ሲተን ብቻ ነው። ብዙ ሰው «ጂም ላይ አንድ ሰዓት አልችልም» የሚለው እግሩ ሰንፎ ሳይሆን ሰውነቱ ጋለበት ነው። በአራት ደቂቃ ውስጥ ይህ ችግር ስለማይደርስ አጭሩ ልምምድ ይበልጥ የሚወደድ ይመስለኛል። መፍትሔው አንድ ቬንቲሌተር ፊት ለፊት ማቆም ነው።

አዲስ አበባ ላለን ሌላም ነገር አለ። ካኖያ ከባሕር ጠለል ብዙም አትርቅም፤ እዚህ ግን የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በዚህ ከፍታ የኦክስጅን ጣሪያ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣ የልምምድ ሠንጠረዥ በዋት «ይህን ያህል» ሲላችሁ እንዳለ አትውሰዱት፤ እዚሁ፣ በራሳችሁ እግር ለኩት።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኳት እንግዲህ ይህ ነው። ሰዓቷን አትጣል። ከሳምንቱ ቀናት በሁለቱ ከማሟሟቂያ በኋላ 4 ደቂቃ ከባድ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ እንደገና 4 ደቂቃ፣ መጀመሪያ አራት ጊዜ፣ ስትለምደው ስድስት። በሌሎቹ ቀናት ሰው እያወራች መንዳት የምትችልበት ጭነት ሰዓቱን ሙሉ። ታባታውን ከወደደችው በሳምንት አንዴ ትሥራው፣ ለመጨረሻዋ ፍጥነት ይረዳታል፤ ግን 8ኛውን ዙር በደህና ከጨረሰች ቁልፉን ታጥብቅ። በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ለ20 ደቂቃ በአማካይ ስንት ዋት እንደያዘች ትመዝግብ። ግድግዳው የሚላትን ትታ ያንን ቁጥር ትከተል።

«ዋት የሚያሳይ ብስክሌት የት አገኛለሁ?» አለች። አብረን ሄደን አየን። ከስድስቱ አንዱ ብቻ ያሳያል፣ ጥግ ላይ ያለው፣ መቀመጫው ትንሽ የተቀደደ፤ ማንም የሚፈልገው አይመስልም። ለነገሩ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ዋት ለጓደኞቿ ሳትነግራቸው አልቀረችም፣ አሁን ወረፋ አለው። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ነው የምትደርሰው።